ስለ ኋላ ጎማዎች አቀማመጥ

መኪናውን በእሽቅድምድም ሜዳ የሚነዳ ሰው ስለ ጎማ አላይመንት ሲጠየቅ አስቀድሞ የሚያስበው መሪው ስለሚያዝዛቸው ስለ ፊት ጎማዎች ነው፤ በዚህ ሙያ የቆየ መካኒክ ግን ምርመራውን የሚጀምረው ከኋላ ነው። የፊት ጎማዎች መኪናው ወዴት እንዲታጠፍ ይጠይቃሉ እንጂ የጉዞውን መሥመር የሚያጸኑት የኋላዎቹ ናቸውና፣ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያመለክቱበት አቅጣጫ እኩሌታ ከመኪናው ማእከላዊ መሥመር ጋር ሳይገጥም ከቀረ፣ መኪናው በቀጥተኛ ጎዳና ላይ እንኳ ጎኑን ሰጥቶ ይሄዳል፤ ነጂውም ሳይታወቀው መሪውን ወደ አንድ ወገን ጠምዝዞ በመያዝ ያቃናዋል። በግራ ኩርባ እሺ ብሎ የታዘዘ መኪና በቀኝ ኩርባ ሲያምፅ ባየሁ ጊዜ፣ የፊቱን ሳልነካ አስቀድሜ የኋላውን መሥመር እመረምራለሁ።

የኋላ ጎማ ሁለት ዐበይት ማዕዘኖች አሉት። አንደኛው ካምበር ነው፤ ይኸውም የጎማው አናት ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማዘንበሉ ሲሆን፣ መኪናው በኩርባ ውስጥ ሲያጋድል ሸክሙን የተቀበለው ጎማ በውጭ ጠርዙ ብቻ እንዳይቆም፣ አስቀድሞ ጥቂት ወደ ውስጥ እንዲያዘነብል ይደረጋል። ሁለተኛው ቶ ነው፤ ጎማዎቹ ከላይ ሲታዩ በፊት ጫፋቸው ከተቀራረቡ ቶ ኢን፣ ከተራራቁ ቶ አውት ይባላል። ስለ ካምበር ብዙ ይነገራል፤ እኔ ግን የነጂውን ልብ የሚያጸናውም የሚያናውጠውም ቶው ነው ብዬ አምናለሁ። ከኋላ ጥቂት ቶ ኢን ያለው መኪና ወደ ኩርባ ሲገባ፣ በውጭ በኩል ያለው ባለ ሸክም ጎማ ፊቱን ወደ ኩርባው ውስጥ ስለሚያዞር ጭራውን ይዞ ያቆየዋል፤ ቶ አውት ሲሆን ግን ያው ጎማ ወደ ውጭ ያመለክታልና ጭራው እንዲሸሽ መንገድ ይከፍትለታል።

ምሥጢሩ በዚህ አይፈጸምም። ቆሞ የተለካ ማዕዘን በሩጫ ጊዜ ከሚገኘው ጋር አንድ አይደለም፤ ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዙት ክንዶች በጎሚኒ ላይ ስለሚታሰሩ፣ ጎሚኒውም በኃይል ፊት ስለሚለጠጥ፣ ጎማው ሲገፋና ሲጎተት አቅጣጫው ይለዋወጣል። ነጂው በኩርባ መካከል ደንግጦ እግሩን ከቤንዚን መስጫው ባነሣ ጊዜ ሸክሙ ወደ ፊት ይሄዳል፤ የቀለለው የኋላ ጎማ ወደ ኋላ ይጎተትና በብዙ መኪኖች ዘንድ ፊቱ ወደ ውጭ ይከፈታል፤ ጭራው የሚያመልጠውም በዚህች ቅጽበት ነው። የፖርሸ መሐንዲሶች በ1977 እ.ኤ.አ. ለወጣው 928 ያሰናዱትን፣ ቫይሳኽ የተባለውን የኋላ አክሰል ሳስብ ዛሬም አደንቃለሁ፤ የጎሚኒውን መለጠጥ እንደ ጠላት ከማሳደድ ይልቅ የክንዱን የፊት መያዣ በአጭር ተወዛዋዥ ማያያዣ ለውጠው፣ እግር ከቤንዚን ሲነሣ ወይም ፍሬን ሲያዝ ጎማው ወደ ውጭ መከፈቱ ቀርቶ ወደ ውስጥ እንዲዞር አደረጉት። ይህ ጥበብ ላልተሰጠው መኪና ግን ቆሞ ሳለ የሚደረግለት ቶ ኢን፣ ሩጫው ሊወስድበት ላለው ማዕዘን አስቀድሞ የተቀመጠ መጠባበቂያ ነው። ጎሚኒው ካረጀ መጠባበቂያው ምን ያህል ሊበቃ እንደሚችል አይታወቅምና፣ ያረጀውን ሳይለውጡ መለካት ከንቱ ድካም ነው።

ለዚህ ትምህርት በ1989 እ.ኤ.አ. እንደ ወጣው ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ያለ መኪና አላውቅም፤ በየኋላ ጎማው የታችኛው ክንድ ላይ ያሉት ሁለት ማስተካከያ ቡሎኖች ዙረታቸው ከማእከል ፈቀቅ ያለ ስለ ሆነ፣ አንዱን ለካምበር ብለን ብናዞር ቶው ተከትሎ ይናወጣል፤ ስለዚህ ካምበርን አስቀድሞ፣ ቶን አስከትሎ፣ ከዚያም ወደ ካምበር ተመልሶ ማየት ግድ ነው። የጎማው ነፋስ ተስተካክሎ፣ በወንበሩ ላይ የነጂው ክብደት ያህል ሸክም ተጭኖ፣ ከክሪክ የወረደው መኪና ጥቂት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ተገፍቶ ከረጋ በኋላ፣ በግራና በቀኝ ሲባጎ በካቫሌቶ ላይ ይወጠራል። በግራና በቀኝ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት በፊትና በኋላ አንድ ስላልሆነ ሲባጎው ከፊቱና ከኋላው ማእከል እኩል መራቅ አይጠበቅበትም፤ በየአክሰሉ የግራው ርቀት ከቀኙ ጋር መተካከል ግን አለበት። ከዚያም በብረት ማስመሪያ ከሲባጎው እስከ ቸርኬው የፊትና የኋላ ከንፈር ይለካል፤ የፊቱ ከንፈር ከኋላው ይልቅ ከሲባጎው ከራቀ ቶ ኢን አለ ማለት ነው፤ 400 ሚሊሜትር ዲያሜትር ባለው ቸርኬ ላይ የ1 ሚሊሜትር ልዩነት 9 ደቂቃ ለመሙላት ጥቂት የጎደለው ማዕዘን ነው። ዳዶው ሲጠብቅ ማዕዘኑ ይንቀሳቀሳልና ከማጥበቅ በኋላ ዳግመኛ መለካት ያስፈልጋል፤ ሰነፍ እጅ የሚታወቀውም እዚህ ላይ ነው።

እኔ ለእንዲህ ያለው መኪና ከኋላ ወደ ውስጥ 2 ዲግሪ ያህል ካምበርና በእያንዳንዱ ጎማ 1 ሚሊሜትር ያህል ቶ ኢን ሰጥቼ እጀምራለሁ። መኪናው ከሩጫው በትኩሱ እንደ ገባ፣ መርፌ ባለው ቴርሞሜትር የጎማውን ውስጥ፣ መካከልና ውጭ እለካለሁ፤ የውስጡ ጠርዝ ጥቂት መጋሉ የሚጠበቅ ነው፤ እጅግ ከጋለ ግን ካምበሩ ወይም ቶው ከልክ አልፏል። የነጂውንም ቃል ከቴርሞሜትሩ አላሳንስም፤ «ቤንዚኑን ስለቅ ከኋላ ይከዳኛል» ያለኝን ሰው፣ የዙሩ ሰዓት ቢያምርም እንኳ፣ ቶ ኢኑን ሳልጨምርለት ወደ ሜዳው አልመልሰውም። ቶ ኢን ጎማ ይበላል፣ በቀጥታውም ላይ ፍጥነት ይቀንሳል የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው፤ ነገር ግን ጭራውን የማያምን ነጂ በየኩርባው የሚያጣው ጊዜ ከዚህ ይበልጣል። እጁ በጸና ጊዜ፣ ሌላውን ሁሉ እንዳለ ትቼ፣ ግማሽ ግማሽ ሚሊሜትር እየቀነስኩለት እስከ የት እንደሚደርስ አብረን እንፈትናለን።