እንግሊዝኛ የሰው መለኪያ ነውን?

ሰሞኑን ፒያሳ ኑር (በኒን) መስጊድ ዐስር ሰግደን ስንወጣ አንድ አባት ከኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አውጥተው «ልጄ፣ እስቲ ይህን አንብብልኝ» አሉኝ። ልጃቸው ከሚማርበት የግል ትምህርት ቤት የተላከ የወላጆች ስብሰባ ጥሪ ነው። ከላይ እስከ ታች በእንግሊዝኛ ተጽፏል። የሚለውን ነገርኳቸውና «ልጅዎ አያነብልዎትም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። አንገታቸውን ደፋ አድርገው «እሱማ ‹አባባ፣ እዚያ የሚወራው በእንግሊዝኛ ነው፤ ባትመጣ ይሻላል› ብሎኛል» አሉኝ።

እኚህ አባት የዐረብኛ ኪታብ ያነባሉ። ስልጢኛም አማርኛም አጥርተው ይናገራሉ። የትምህርት ቤቱን ክፍያ የሚከፍሉት ነግደው ባገኙት ሐላል ገንዘብ ነው። ታዲያ በገዛ ልጃቸው ፊት «ያልተማሩ» ያሰኛቸው ምንድን ነው?

የቆሙበት ሰፈር ራሱ መልስ አለው። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት የሥልጣኔ ምልክት ተደርጎ ይታይ የነበረው ፈረንሳይኛ ነበር። «ለገሐር» የሚለው ስምም የመጣው ከፈረንሳይኛ ነው። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከተማዋን ይዞ ቆየና «ፒያሳ» የሚለውን ስም ትቶልን ሄደ። ከዚያ ወዲህ ተራው የእንግሊዝኛ ሆነ። የሚከበረው ቋንቋ በየዘመኑ ተለዋወጠ። የሰው ልጅ ክብር ግን አብሮ ይለዋወጣልን?

በዕውቀትም ቢሆን ነገሩ እንደዚሁ ነው። በ1961 ዓ.ም. ቁርአን በአማርኛ ተተርጉሞ ሲታተም ሐጂ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብንና ሼህ ሰይድ ሙሐመድ ሳዲቅን ለዚያ ታላቅ ሥራ ያበቃቸው የዐረብኛና የአማርኛ ዕውቀታቸው ነበር። ዛሬ ግን ለገንዘብ ያዥነት የቀረበ ሰው በሒሳቡ ሳይሆን በእንግሊዝኛ አነጋገሩ ሲመዘን እናያለን። ቃል የሳተ ይሳቅበታል፤ አቀላጥፎ ባዶ ነገር የተናገረ ይደነቅለታል።

አላህ (ሱ.ወ.) የቋንቋዎቻችንን መለያየት ከተአምራቱ አንዱ መሆኑን በሱረቱ ሩም (22) ነግሮናል። በሱረቱል ሁጁራት (11) ደግሞ አንዱ ሕዝብ በሌላው እንዳይሳለቅ ከልክሏል፤ የተሳለቁበት ከተሳላቂው ሊበልጥ ይችላልና። በንግግሩ ምክንያት ነቢዩ ሙሳን (ዐ.ሰ.) የናቀው ማን እንደነበር እናስታውስ፤ ፊርዐውን ነው (ሱረቱ ዙኽሩፍ፣ 52)። በወንድሙ አነጋገር የሚስቅ ሰው የማንን ፈለግ እየተከተለ እንደሆነ ያስብ።

ይህን ስንል እንግሊዝኛ አንማር ማለታችን አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘይድ ኢብን ሣቢትን የአይሁዶችን ጽሕፈት እንዲማር አዘውታል። በአገራችንም የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ልጆቻችን ጠንክረው ሊማሩት ይገባል። መሣሪያ መሆኑን ግን አይርሱ። መሣሪያ ይሠሩበታል እንጂ ሰው አይለኩበትም።

ጥፋቱ የትምህርት ቤቶችና የመሥሪያ ቤቶች ብቻም አይደለም። እንግዳ በመጣ ቁጥር ልጃችንን «እስቲ በእንግሊዝኛ ተናገር» እያልን የምናስጨበጭብለት፣ በአማርኛ የጻፈውን ግን ዞር ብለን የማናይለት እኛው ነን። ንቀቱን የተማረው ከእኛው ቤት ነው። ትምህርት ቤቶች ለወላጅ የሚልኩትን ወረቀት ወላጅ በሚያነበው ቋንቋም ይጻፉ። ልጆችም የተማሩትን ለአባታቸው በአደብ ያንብቡ፤ ይህ ለወላጅ በጎ መዋል ነው።

እኚያን አባት «ይሂዱ፣ በአማርኛ ይጠይቁ» ብያቸዋለሁ። ልጁ የእርስዎ ነው፤ ስለ እሱ የመጠየቅ መብትም የእርስዎ ነው። ወላሁ አዕለም።