ካልሲው ሳይወልቅ

ሰውየው «ከወገቤ በታች የእኔ አይደለም» አሉኝ። ወገብ የሚለውን ቃል ሰማሁና የወገብ ኤም.አር.አይ. አዘዝኩ። ያኔ የነርቭ ሕክምና ትምህርት ገና መጀመሬ ነው። ልጃቸው በሬ ሸጦ ከፈለ። ውጤቱ ሲመጣ በዕድሜያቸው ከሚጠበቅ መጠነኛ የዲስክ መድረቅ በቀር ምንም አላሳየም። ፊልሙን ይዤ መምህሬ ዘንድ ስሄድ ዞረው እንኳ አላዩትም። በቀጥታ ወደ አልጋው ሄዱና «አባቴ፣ ካልሲዎን ላውልቀው?» አሉ። ካልሲው እስከዚያች ሰዓት እግራቸው ላይ እንደነበረ ያስተዋልኩት ያን ጊዜ ነው።

መምህሬ የሰውየውን ጉልበት በመዶሻ ነካ ሲያደርጉት እግራቸው ተስፈነጠረ። መቆም ያቃተው እግር፣ ከጤነኛ እግር ይበልጥ ዘለለ። ቀጥለው የመዶሻውን እጀታ ጫፍ ከተረከዛቸው አንሥተው በውስጥ እግራቸው የውጭ ጠርዝ ወደ ጣቶቹ ሲጎትቱት፣ አውራ ጣታቸው ቀስ ብሎ ወደ ላይ ተነሣ። ይህን ምልክት ዦዜፍ ባቢንስኪ ፓሪስ ውስጥ በአጭር ጽሑፍ ያስታወቀው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1896 ነው፤ ለዓድዋ ጦርነት ስምንት ቀን ሲቀረው። ዛሬ ተማሪዎቼን ቀኑን የማስይዛቸው በዚህ ነው።

የተነሣችው አውራ ጣት ብዙ ትናገራለች። ከአንጎል የሚነሣው ትእዛዝ በላይኛው ነርቭ በህብለ ሰረሰር ወርዶ ለሁለተኛው ነርቭ ይተላለፋል፤ እሱ ደግሞ ወደ ጡንቻው ያደርሰዋል። ሁለተኛው ሲጎዳ ጡንቻው ይላላል፣ ይሟሽሻል፣ በመዶሻ ቢመታም ዝም ይላል። የላይኛው ሲጎዳ ግን ልጓሙ እንደተፈታ በቅሎ ነው፤ እግሩ ይደክማል፣ ግን ይገትራል፣ ይዘላል። አሁን የእኔን ስሕተት ተመልከቱ። በአዋቂ ሰው ህብለ ሰረሰር የሚያልቀው በመጀመሪያውና በሁለተኛው የወገብ አከርካሪ አጥንት አካባቢ ነው። ከዚያ በታች ያለው እንደ ፈረስ ጭራ የተንጠለጠለ የነርቭ ሥር ብቻ ነው። እዚያ የሚደርስ ጉዳት የሚያላላ እንጂ የሚያዘልል አይደለም። ስለዚህ በሬው የተሸጠው በሽታው ሊኖርበት የማይችለውን ቦታ ፎቶ ለማንሣት ነበር።

መምህሬ መርፌ ቁልፍ አውጥተው ከጭን ወደ ላይ እየነካኩ «ሲወጋዎ ይንገሩኝ» አሉ። እምብርት ላይ ሲደርሱ ሰውየው «አሁን ወጋኝ!» አሉ። የእምብርት ዙሪያ ቆዳ ስሜት የ10ኛው የደረት ነርቭ ድርሻ ነው። ህብለ ሰረሰር ከአከርካሪው አጥንት ስለሚያጥር፣ ይህ ክፍል የሚገኘው ከ8ኛው የደረት አከርካሪ አጥንት አጠገብ ነው። ጉዳቱ ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ በታች ግን አይፈለግም። ገልብጠናቸው ጀርባቸውን ስንዳብስ እዚያው ቦታ ትንሽ ጉብታ አገኘን፤ ሲነኩት ያማል። የአከርካሪ ቲቢ ነበር።

መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የምናየው የጎረቤትን መስኮት ነው። የእነሱ ከበራ ችግሩ እኛ ቤት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ከጨለመ ትራንስፎርመሩ ጋ ነው። ነርቭም እንደዚያ ነው፤ ድካም ብቻውን አድራሻ የለውም፣ አድራሻውን የሚሰጡት ጎረቤቶቹ ናቸው። ፊቱ የተጣመመ ሰው ሲመጣ «ነፋስ መታው» ይባላል። እኔ ግንባሩን እንዲቋጥር እጠይቀዋለሁ። የታመመው ጎን ግንባሩም ዝም ካለ አብዛኛውን ጊዜ የታመመው የፊት ነርቩ ራሱ ነው። አፉ ተጣሞ ግንባሩ በሁለቱም ጎን ከተቋጠረ ግን ስትሮክን አስባለሁ፤ ግንባር ከአንጎል ከሁለቱም ወገን ትእዛዝ ያገኛልና። ጓያ የሰበረው ገበሬም እግሩ ይገትራል፣ አውራ ጣቱ ይነሣል፤ መርፌው ግን እስከ ጣቱ ጫፍ ይወጋዋል። በእሱ ሆድ ላይ «ከዚህ በታች አይሰማኝም» የሚባል መስመር አይገኝም። ይህቺን አንዲት ልዩነት ለማወቅ የመርፌ ቁልፍ ዋጋ ይበቃል።

ኤም.አር.አይ.ን መናቄ አይደለም፤ ኋላ የሰውየውን ደረት አንሥቶ የተደረመሰውን አጥንትና የተጫነውን ህብለ ሰረሰር ያሳየን እሱ ነው። ነገር ግን መሣሪያው የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው፤ እኔ ደግሞ መጀመሪያ የጠየቅሁት የተሳሳተውን ነው። «ምንድን ነው?» ከማለቴ በፊት «የት ነው?» አላልኩም። ሰውየው የቲቢ መድኃኒቱን አንድ ዓመት ወስደው በከዘራ መራመድ ጀመሩ። በሬው ግን አልተመለሰም።

አንባቢዬ፣ እግርዎ ደክሞ ሐኪም ዘንድ ከቀረቡ፣ ጫማና ካልሲዎን ሳያስወልቅ የምርመራ ወረቀት የሚጽፍልዎትን ሐኪም «እግሬን አያዩትም ወይ?» ብለው ይጠይቁት። እኔም ብሆን ይጠይቁኝ።