የ«ሄደ» ተቃራኒ ማን ነው?

በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ተቃራኒ ቃላት ሲጠኑ ከሰሌዳ ከማይጠፉት ጥንዶች አንዱ «ጎ» እና «ከም» ነው፤ ሄደ፣ መጣ። ተማሪው በመስመር ያገናኛል፣ መምህሩ እርማት ያደርጋል፣ ነገሩ ያልቃል። ለእኔ ግን ነገሩ ገና እዚያ ላይ የሚጀምር ይመስለኛል።

ከጉደር ተነሥቶ ወደ አምቦ የሚጓዝ አንድ መኪና እንውሰድ። መንገዱ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጉደር የቆመው ሰው «ሄደ» ይለዋል፤ አምቦ የቆመው «መጣ» ይለዋል። መኪናው አንድ፣ መንገዱ አንድ፣ አቅጣጫውም አንድ ነው። የተለየው የተናጋሪው መቆሚያ ብቻ ነው። ታዲያ አንድ ጉዞ በሁለት ሰው አፍ ሁለት ስም ስላገኘ ከራሱ ጋር ተቃረነ ሊባል ነው?

እንደ እኔ እንደ እኔ፣ የ«ሄደ» እውነተኛ ባላንጣ «ቀረ» ነው። የእንግሊዝኛው «ስቴይ» ወደዚህ ይጠጋል እንጂ አይደርስም። በእኛ ዘንድ ያልሄደው ቀረ፤ ሄዶ ያልተመለሰውም ቀረ። የአምቦ ሰው በኦሮምኛም «ሀፌ» ሲል ሁለቱንም ማለቱ ነው። እዚያው ክፍል ውስጥ እንኳ ስም ሲጠራ «ቀሪ» የሚባለው ወንበሩ ባዶ የሆነው ልጅ ነው፤ በሒሳብ ጊዜ ግን «ቀሪ» ተቀንሶ የተረፈው ቁጥር ነው። አንዱ የሌለ፣ ሌላው ያለ!

ይህ የቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም። ባለቅኔውን ጸጋዬ ገብረ መድኅንን እናስብ። በ1928 ዓ.ም. አምቦ አጠገብ፣ ቦዳ በተባለ ስፍራ ተወለደ። ለአምቦ ሄደ፤ ለአዲስ አበባ መድረክ መጣ። በኋላም ለሕክምና ኒውዮርክ ከርሞ በ1998 ዓ.ም. እዚያው አረፈ። አስከሬኑ ተመልሶ አዲስ አበባ፣ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ። ሄደ? መጣ? ቀረ? ተመለሰ? እንደ ጠያቂው መቆሚያ አራቱም እውነት ነው።

በጊንጪም ሆነ በአምቦ ወይም በጌዶ፣ ፈተና አልፎ የተጓዘው ወጣት «ሄደ» ተብሎ ይወደሳል። ትንሽ ሱቅ ከፍቶ እናቱን የሚጦረው ግን «ቀረ» ይባላል፤ ቃሉም ወቀሳ ይሆንበታል። ከ«ሄደ» ጎን «መጣ»ን ብቻ ጽፈን ስናስተምር ሳናውቀው ሁለት ነገር እንሰብካለን፦ የሄደ ሁሉ ይመጣል፤ የቀረ ከቁጥር አይገባም። ሁለቱም ሐሰት ነው። «ሄደ» ለማለት እኮ ቀርቶ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ቮልፍ ሌስላው በ1973 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የእንግሊዝኛ-አማርኛ መዝገበ ቃላት ቃሉን ብቻውን ገትሮ አይተወውም፤ በዐረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ ያሳየዋል። የመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆችም ተማሪውን መስመር ከማሰመር ይልቅ ሦስት ጥያቄ ቢጠይቁት ምን ይጎድልባቸዋል? ማን ሄደ? ከየት ሆነን አየነው? ማንስ ቀረ?