የጫጩት አሳዳጊ ሙያ የሚመዘንበት ሰዓት

በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ የአንድ ቀን ጫጩት ተረክቦ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያሳድግ ሰው ሥራው ሊመዘን የሚገባው፣ ብዙዎች እንደሚያደርጉት ጫጩቶቹ ከካርቶን በወጡበት ዕለት በሚያሳዩት ንቃት አይደለም፤ ጫጩት ከ21 ቀን መታቀፍ በኋላ ስትፈለፈል የአስኳሉን ቅሪት በሆዷ ይዛ ስለምትወጣና በእርሱም ሁለት ሦስት ቀን መቆየት ስለምትችል፣ የእነዚያ ቀናት ንቃት የሚናገረው ስለ አስፈልፋዩ ነው። የደረቀና በደንብ የተዘጋ እምብርት፣ የጠራ ዐይን፣ ቀጥ ብሎ የሚቆም እግር የግዢ መመዘኛዎች ናቸው፤ የአሳዳጊው እጅ መታየት የሚጀምረው ግን አስኳሉ ሲያልቅ፣ ከአራተኛው ቀን ወዲህ ነው።

ያን ቀን ሳይጠብቅ መፍረድ የሚሻ አዋቂ በመጀመሪያው ምሽት ጥቂት ጫጩቶችን አንሥቶ፣ የተዋጠ መኖ ወደ ሆድ ከመውረዱ በፊት የሚጠራቀምባትን ከአንገት ሥር ያለች ከረጢት በጣቱ ጫፍ ይዳስሳል። ከረጢቷ ሞልታ እንደ ገንፎ ከለሰለሰች ጫጩቷ በልታለች፣ ጠጥታለችም፤ ሞልታ ከጠጠረች ውኃው አልተገኘላትም፤ ባዶ ከሆነች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የመኖው ሳይሆን የብርዱ ነው፣ የበረዳት ጫጩት መኖ ፍለጋ ትታ ሙቀት ፍለጋ ትተቃቀፋለችና።

ብርዱ የአገሩ ዋና ፈታኝ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝና በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ከጮቄ ተራራ በኩል የሚወርደው አየር ውርጭ ስለሚያስከትል፣ በመጀመሪያው ሳምንት የሚያስፈልገውን ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት መጠበቅ፣ ከዚያም በየሳምንቱ ሦስት ዲግሪ ያህል መቀነስ ቀላል ሥራ አይደለም። ቴርሞሜትሩን በሰው ደረት ልክ የሰቀለ አሳዳጊ፣ መሣሪያው የቱንም ያህል ውድ ይሁን፣ የለካው የራሱን ሙቀት እንጂ የጫጩቶቹን አይደለም፤ ልኬቱ በጀርባቸው ከፍታ መሆን አለበት። ከቴርሞሜትር ይልቅ ግን አቀማመጣቸው አይዋሽም፦ በማሞቂያው ሥር ከተደራረቡ በርዷቸዋል፤ ከእርሱ ርቀው ክንፋቸውን ዘርግተው ካለከለኩ ሞቋቸዋል፤ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ከተገፉ በተቃራኒው በኩል ነፋስ ይገባል፤ ተበታትነው ከተኙ ግን አሳዳጊው ተሳክቶለታል። በቀትር ሁሉም ቤት ጥሩ ስለሚመስል ይህን ለማየት ትክክለኛው ጊዜ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። ማሳደጊያው ማዕዘን አልባ ክብ መሆኑም መታየት አለበት፤ በማዕዘን የተከማቹ ጫጩቶች ተደራርበው ይታፈናሉና፣ እንደ እንጅባራ ቀርከሃ በሚገኝበት አገር ክብ አጥር መሥራት አያስቸግርም። ከሰል ለሚያነድ ሰው ግን፣ ከሰሉ ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ስለሚያወጣ፣ በሩን ሙሉ በሙሉ መዝጋት ከብርዱ የከፋ ጥፋት ነው። ሄይ ቦክስ የሚባለው፣ ዙሪያው በጭድ ተጠቅጥቆ የጫጩቶቹን የራሳቸውን ሙቀት የሚይዘው ሣጥን፣ ነዳጅ ስለማይፈልግ ለጀማሪ ይበልጥ የተገባ ነው።

ጉዝጓዙን፣ ማለትም ወለሉ ላይ የሚነጠፈውን ጭድ ወይም ሰጋቱራ፣ የሚመረምር ሰው ቆሞ አያሽትት፤ ከእርጥብ ኩስ የሚወጣው አሞኒያ ዐይንና ጉሮሮ የሚኮረኩረው ጫጩቶቹ በሚተነፍሱበት ከፍታ ስለሆነ ቁጢጥ ማለት ያስፈልጋል። ስለ ፈንግል በሽታ ክትባት የሚጠየቀው ጥያቄ አጭር ነው፦ መቼ ተሰጠ፣ እስከሚሰጥስ ድረስ በቅዝቃዜ ተይዞ ነበር ወይ?

የ45 ቀን ጫጩት ሊገዛ የሚመጣ ሰው ደግሞ ለሽያጭ የተመረጡትን ሳይሆን ወደ ጥግ የተገፉትን ትናንሾች ለማየት ቢጠይቅ፣ መኖና ውኃ ለሁሉም ይደርስ እንደነበር በቶሎ ይገባዋል። አሳዳጊው መዝገብ ካለው፣ ከሞቱት ቁጥር በፊት የሞቱበት ቀን ይነበብ፤ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት የሞቱት ባብዛኛው ለአስፈልፋዩና ለመንገዱ፣ ከዚያ በኋላ የሞቱት ግን ለአሳዳጊው የሚቆጠሩ ናቸው።