በሁለት ጋርዶች መካከል ስላለው ቅጽበት

በጂዩ ጂትሱ ተጋድሎ በጀርባው የተኛ ሰው ድል የተነሣ ሰው አይደለም፤ እግሮቹን በራሱ ደረትና በባላጋራው ገላ መካከል ማስገባት እስከቻለ ድረስ ሊያንቅ፣ ክንድ ሊጠመዝዝ፣ ከላይ ያለውንም ገልብጦ ሊነሣበት የሚችል፣ ሁለት እጁንና ሁለት እግሩን በአንድነት የሚያሠራ ተጋዳይ ነው። ይህን አቋም የሙያው ሰዎች ጋርድ ይሉታል፤ ከላይ ያለውም ሰው ዐቢይ ተግባሩ እነዚያን እግሮች አልፎ ወደ ጎኑ ወይም ወደ ደረቱ መድረስ ነው። በዚህ ጽሑፍ ልናገር የፈለግሁት ግን ስለ ጋርዱ ራሱ ሳይሆን፣ የታችኛው ሰው አንዱ ጋርድ አልሆን ሲለው ወደ ሌላው በሚሻገርበት ጊዜ የላይኛው ሰው ራሱን እንዴት እንደሚጠብቅና መንገዱንም እንዴት እንደሚያገኝ ነው፤ ተማሪዎች የሚደክሙትና ተስፋ የሚቆርጡት አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ መሆኑን በማስተማር ዘመኔ ደጋግሜ አይቻለሁና።

ጂጎሮ ካኖ እ.ኤ.አ. በ1882 በቶኪዮ ከመሠረተው ከኮዶካን የጁዶ ትምህርት ቤት የወጣው ሚትሱዮ ማኤዳ፣ እ.ኤ.አ. በ1914 ብራዚል ገብቶ ኋላም በቤሌም ከተማ ተቀምጦ ጥበቡን ሲያስተምር፣ የግሬሲ ቤተ ሰብ እንደሚተርከው ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ ወጣቱ ካርሎስ ግሬሲ ነበረ፤ ትምህርቱም ከካርሎስ ወደ ወንድሞቹ ሲተላለፍ፣ ከወንድማማቾቹ ሁሉ ታናሽና በሰውነቱ ቀጭን የነበረው ሄሊዮ ጉልበት ያነሰው ሰው ከታች ሆኖ የሚጸናበትን ስልት አጥብቆ ያዘ። የሄሊዮ ልጅ ሮይስ እ.ኤ.አ. በ1994 በኦክላሆማ ግዛት በተልሳ ከተማ ከእርሱ እጅግ የሚከብደውን ታጋይ ዳን ሰቨርንን ረጅም ጊዜ ከሥሩ ተኝቶ ከታገሠ በኋላ በእግሮቹ አንገቱንና ክንዱን ቆልፎ እጅ እንዲሰጥ ባደረገው ጊዜ፣ በጀርባ መተኛት ምን ያህል ኃይል እንዳለው ከሙያው ውጭ ያለው ሕዝብ ጭምር አየ። ከዚያ ወዲህ ጋርድ በዓይነት በዝቷል። ሪካርዶ ዴ ላ ሂቫ የቆመውን ሰው እግር ከውጭ በኩል በእግሩ የሚጠልፍበትን ስልት በስሙ አስጠራ፤ ጎርዶ በሚል ቅጽል የሚታወቀው ሮቤርቶ ኮሬያ ጉልበቱ በተጎዳ ጊዜ ቀድሞ እንደ መጨረሻ መጠጊያ ብቻ ይታይ የነበረውን ግማሽ ጋርድ የማጥቂያ ሥፍራ አደረገው፤ ማርሴሎ ጋርሲያም ኤክስ ጋርድን በዓለም ሻምፒዮናዎች አሳየ። እንግዲህ የዛሬው የታችኛው ተጋጣሚ አንድ ጋርድ ብቻ ይዞ አይቀመጥም፤ አንዱን የሚጀምረው ሌላውን አስቦ ነው።

አንድ ወጣት ተማሪ ላቡን እየጠረገ «ጋሼ፣ ይህንን ጋርድ በምን ልለፈው?» ብሎ ሲጠይቀኝ፣ ጥያቄው ቅን ቢሆንም መልሱ ብዙ እንደማይጠቅመው አውቃለሁ፤ ምክንያቱም ለእያንዳንዱ ጋርድ አንድ አንድ መልስ አጥንቶ የመጣ ሰው መልሱን አስታውሶ እጁን እስኪዘረጋ ድረስ ባላጋራው ያንን ጋርድ ትቶ ወደ ሌላው ስለሚሻገር፣ ዘወትር ላለፈው ጥያቄ መልስ ሲሰጥ ይኖራል። ትምህርቱ መጀመር ያለበት ከሌላ ሥፍራ ነው። ማንኛውም ጋርድ የሚቆመው በጥቂት መያዣዎች ላይ ነው፤ እጅጌን ወይም ኮሌታን በሚይዙ እጆች፣ በሚጠልፉ ወይም በሚገፉ እግሮች፣ በዳሌውም አቅጣጫ። አዲስ ጋርድ ለመሥራት ከእነዚህ ቢያንስ አንዱን መልቀቅ ግድ ነው። ሸማኔ መወርወሪያውን ከቀኝ እጁ ወደ ግራ እጁ ሲያሳልፍ መወርወሪያው በሁለቱም እጆች ውስጥ የማይገኝበት ቅጽበት እንዳለ ሁሉ፣ የታችኛውም ሰው የቀደመውን ለቆ የሚቀጥለውን ገና ያልያዘበት ቅጽበት አለው፤ የላይኛውም ሰው ዓይኑንና ልቡናውን ማሳረፍ ያለበት በዚያ ላይ ነው ብዬ በፍጹም ልቤ አምናለሁ።

ይሁን እንጂ ያን ቅጽበት የሚጠቀምበት አስቀድሞ በመልካም ሥፍራ የቆመ ሰው ብቻ ነው። እኔ ለደቀ መዛሙርቴ ከሁሉ አስቀድሜ የማስተምረው፣ የባላጋራን አንድ እግር በሁለቱ እግሮቼ መካከል አስገብቶ፣ ዳሌን ዝቅ፣ ጀርባን ቀና፣ ክርንን ወደ ጉልበት ጠጋ አድርጎ መቀመጥን ነው። ከዚህ አቋም ወደ ግራም ወደ ቀኝም ማለፍ ይቻላል፤ ከሁሉም በላይ ግን ሳይቸኩሉ መጠበቅ ይቻላል። ለምሳሌ የታችኛው ሰው በዴ ላ ሂቫ ጋርድ አንድ እግሬን ጠልፎ፣ ቁርጭምጭሚቴንና እጅጌዬን ይዞ፣ ነፃ እግሩን ዳሌዬ ላይ ቢያሳርፍ፣ ከዚህ ቀጥሎ የሚሄድባቸው መንገዶች በአብዛኛው የሚጀምሩት ከዚያ ነፃ እግር ነው፤ ወደ ክንዴ ጡንቻ ቢወጣ የሸረሪት ጋርድ ይሆናል፤ በጭኖቼ መካከል ቢገባና እርሱም ከሥሬ ቢጠጋ ኤክስ ጋርድ ይሆናል። ስለዚህ የጠለፈኝን እግር ለማስለቀቅ ከመታገሌ በፊት የነፃውን እግር ሱሪ ከቅልጥሙ ዘንድ ይዤ ወደ ምንጣፉ እጫነዋለሁ፤ ክርኔና ጉልበቴም ተቀራርበው ስለቆዩ ሁለቱም መንገዶች በአንድ ጊዜ ይጠባሉ። ጀማሪ ግን የሚያስጨንቀውን፣ ማለትም የጠለፈውን እግር ብቻ ያያል፤ የሚጎዳው ሌላው እግር መሆኑን የሚያውቀው ከተገለበጠ በኋላ ነው። ነፃው እግር ከተያዘ ወዲያ የጠለፈኝን እግር ጉልበቱን ወደ ታች ገፍቶ ማስለቀቅ ብዙ ድካም የለውም፤ ጉልበትን በጭኖቹ መካከል አሻግሮ ወደ ጎን መንሸራተትም ይከተላል።

የታችኛው ሰው ከሁለቱ እግሮቼ አንዱን ብቻ በእግሮቹ መካከል በሚቆልፍበት በግማሽ ጋርድ ነገሩ ከእግር ወደ ራስና ወደ ትከሻ ይዞራል። የታችኛው ሰው ጉልበቱን በደረቴ ፊት አጋድሞ ርቀት ሲጠብቅ ይቆይና፣ እኔ ስገፋው ያን ጉልበት ድንገት አንሥቶ ክንዱን በብብቴ ሥር ያስገባል፤ ከዚያም ወይ በጉልበቱ ተነሥቶ ይታገለኛል፣ ወይ ከዳሌዬ ሥር ጠልቆ ሚዛኔን ያነሣዋል። ጉልበቱ በተነሣ ጊዜ ብብቴ ክፍት ከሆነ ወሬው አልቋል። ስለዚህ ጉልበቱን ከመግፋቴ አስቀድሜ በብብት ሥር የሚገባው ክንድ የእኔ እንዲሆን እሻለሁ፤ ትከሻዬንም በጉንጩ ላይ አሳርፌ ፊቱን ሊሄድ ከሚፈልግበት አቅጣጫ ወደ ተቃራኒው አዞራለሁ፤ ራሱ ወደ ሥሬ ካልዞረ ትከሻው አይዞርም፣ ትከሻው ካልዞረም ዳሌው አይከተልም። ይህን ያህል ክብደት በሰው ጉንጭ ላይ ማሳረፍ ጭካኔ የሚመስላቸው አሉ፤ በልምምድ ጊዜ በመጠን ሊሆን ይገባዋል እንጂ፣ ያለ እርሱ ግማሽ ጋርድን መጠበቅ ይቻላል የሚል መምህር እስካሁን አላሳመነኝም።

ቤሪምቦሎ የተባለውና በተለይ በሜንዴስ ወንድማማቾች ዘመን የገነነው ስልት ብዙዎችን ያስፈራል፤ የታችኛው ሰው በትከሻው ላይ ተሽከርክሮ በእግሮቼ ሥር አልፎ ጀርባዬን ይይዛልና። ሽክርክሩ ግን ከመጀመሩ በፊት ዳሌው ከምንጣፉ መነሣት አለበት። ዳሌው መነሣት ሲጀምር ጉልበቶቹን ወደ ፊቱ አጥፎ በክብደት መጫን፣ ወይም ደግሞ ጊዜው ካለፈ እግሩን ወደ ማዶ ጎትቶ ከጎኑ መውረድ ይቻላል፤ የማይቻለው ቆሞ መመልከት ነው።

ኪሞኖ ለብሶ መታገልና ያለ ኪሞኖ መታገል በዚህ ረገድ እጅግ ይለያያሉ። ጨርቅ ባለበት እጅ የያዘውን አጥብቆ ስለሚይዝ ሽግግሩ ዘገም ይላል፣ መያዣውን ለማስለቀቅም ኃይልና ዘዴ ያሻል፤ ጨርቅ በሌለበት ግን ላብ ስለሚያንሸራትት መያዣው ሁሉ ወደ እግር ይሄዳል፣ ቅጽበቲቱም ታጥራለች። ሽግግርን ማንበብ የሚማር ሰው በኪሞኖ ይጀምር ዘንድ የምመክረው ስለዚህ ነው።

ልምምዱንም እንደ ሐሳቡ ማድረግ ያስፈልጋል። ሁለት ተማሪዎች ከተሟላ ጋርድ ከሚጀምሩ ይልቅ፣ የታችኛው አንዱን መያዣ ለቆ ሁለተኛውን ገና ሳይጨብጥ በመካከል ላይ ሆነው ቢጀምሩ፣ የላይኛውም ማለፍ ሳይሆን ያን ሁለተኛ መያዣ መከልከል ብቻ ተግባሩ ቢሆን፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የዓይናቸው ማረፊያ ይለወጣል። ከእጅ ፍጥነት ይልቅ ዓይን የት እንደሚያርፍ ማወቅ ይበልጣል።

ካለፉም በኋላ ቢሆን ነገሩ ገና ነው። በዓለም አቀፉ የብራዚል ጂዩ ጂትሱ ፌዴሬሽን ሕግ ጋርድ ያለፈ ሰው 3 ነጥብ የሚያገኘው ባላጋራውን በደረሰበት ሥፍራ 3 ሴኮንድ ካጸና ብቻ ነው፤ ከታች ሆኖ የገለበጠም ሰው 2 ነጥብ ያገኛል። የታችኛው ሰው በእነዚያ 3 ሴኮንዶች ውስጥ ክንዱን በአንገቴና በዳሌዬ ላይ አስደግፎ፣ በጎኑ ዞሮ፣ ዳሌውን ወደ ኋላ አሽሽቶ ጉልበቱን መልሶ ሊያስገባ ይሞክራል፤ ይህም ሌላ ሽግግር ነው፣ ምናልባትም ከሁሉ የበረታው። ስለዚህ እግሮቹን ባለፍኩ ጊዜ ዳኛውን አላይም፤ አንድ እጄ ራሱን፣ ሌላው እጄ በእኔ በኩል ያለውን ዳሌውን ይዞ፣ ጉልበቱ የሚመለስበት ቀዳዳ እስኪዘጋ ድረስ ደረቴን በደረቱ ላይ አከብዳለሁ።