የዘቢብና የዛላ ምስክር

በሴንት ፖል ከተማ ወዳለችው ትንሽ መደብሬ፥ በረዶውን ከጫማቸው አራግፈው የሚገቡ አንዲት አረጋዊት እናት፥ ዋጋ ከመጠየቃቸው አስቀድሞ ከጆንያው አንድ ዛላ በርበሬ አንሥተው፥ ሰብረው ካሸተቱት በኋላ፥ «ልጄ፥ ይህ የማን እጅ ነው?» ይሉኛል። እኔም «እማማ፥ የማረቆ ነው» ስላቸው፥ የጠየቁኝ እጁን እንጂ አገሩን እንዳልሆነ በትዕግሥት ያስረዱኛል፤ ማን ለቀመው፥ በምን ላይ ተሰጣ፥ ሲሰጣ ዝናም ነክቶት እንደ ሆነስ ማን አየ ማለታቸው ነው። የደረቀ ፍሬ ነጋዴ ሆኜ በኖርሁበት ዘመን ሁሉ (በርበሬም ፍሬ መሆኑን ልብ ይሏል) ከሕግ አዋቂም ከትራንዚተርም ዘንድ ከዚህ የጠለቀ ጥያቄ አልገጠመኝም።

ወደ ሚኒሶታ ከመምጣቴ በፊት በዱባይ፥ ዴራ በሚባለው ሰፈር በሚገኘው የቅመም ገበያ፥ ከሰው ቤት ተቀጥሬ ዘቢብና ተምር፥ የደረቀ በለስም እመዝን ነበር። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ደንብ መሠረት በታሸገው ዕቃ ላይ የሚለጠፈው ጽሑፍ በዐረብኛ መነበብ፥ የተመረተበትና የሚያበቃበት ቀንም በግልጥ መታተም ስላለበት፥ ዘቢቡ ምንም ያማረ ቢሆን ጽሑፉ የጎደለበት ካርቶን ዋጋ እንደሌለው በዚያ ተማርሁ። ያን ጊዜ ግን ጽሑፉን የማየው እንደ ቀረጥ ነበር፤ ከፍዬ የማልፈው፥ ከሸቀጡ ጋራ አንዳች ዝምድና የሌለው ነገር ይመስለኝ ነበር።

በአሜሪካ የጠበቀኝ ደንብ ከዚያ የሰፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣው ሕግ መሠረት ከውጭ የሚገባ ምግብ ሁሉ ወደ ወደብ ከመድረሱ አስቀድሞ ኤፍዲኤ ለሚባለው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር መነገር አለበት፤ በመርከብ ለሚመጣው ከ8 ሰዓት፥ በአውሮፕላን ለሚመጣው ከ4 ሰዓት ባላነሰ ጊዜ ቀድሞ ማለት ነው። ይኸው መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ጽሑፍ፥ ከ2007 እስከ 2009 ከመረመረው ከውጭ የገባ ቅመም ከመቶ 6.6 ያህሉ ሳልሞኔላ የሚባለው ተሕዋስ እንደ ተገኘበት ገልጧል። እ.ኤ.አ. በ2011 የጸደቀው የምግብ ደኅንነት ሕግ ደግሞ ሸክሙን በአስመጪው ትከሻ ላይ አኖረው፤ ከ2017 ጀምሮ አስመጪው የውጭ አገር አቅራቢው ንጹሕ ሥራ የሚሠራ ስለ መሆኑ ራሱ ዋስ ይሆናል።

በ2002ቱ ሕግ ደንብ ውስጥ ሁልጊዜ ልቤን የሚነካኝ አንድ አንቀጽ አለ። አንዲት እናት በገዛ ቤቷ ያዘጋጀችውን ምግብ ለልጇ ስጦታ አድርጋ ስትልክ፥ የቅድሚያ ማስታወቂያ አይጠየቅባትም። ሕግ አውጪው ይህን ሲጽፍ የእኛን እናቶች ድልህና ሽሮ አያውቅም ነበር፤ ነገር ግን ላኪውና ተቀባዩ በሚተዋወቁበት ስፍራ ምስክር እንደማያስፈልግ ዐውቋል። ምስክር የሚያስፈልገው የሚበላው ሰው የሠሪውን ፊት በማያይበት ጊዜ ነው፤ ንግድም ማለት ይኸው ነው።

ይህን የተማርሁት በኪሳራ ነው። በአንድ ዓመት ያስመጣሁት ዛላ ቀለሙ እንደ ደም የቀላ፥ መልኩ የሚያስጎመጅ ሆኖ ሳለ፥ ሲመረመር ከሻጋታ የሚወጣው አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ ሕጉ ከሚፈቅደው ከቢሊዮን 20 እጅ አልፎ ተገኘበት። ምክንያቱን ስመረምር፥ ዛላው በጉዞ እንዳይሰባበርና ሚዛን እንዲያነሣ ከመታሸጉ በፊት ውኃ ተርከፍክፎበት ኖሯል፤ ያም እርጥበት በታፈነው ጆንያ ውስጥ ያን ሁሉ የባሕር መንገድ ሲያልብ ሰንብቶ ሻጋታውን አበቀለው። በ90 ቀን ውስጥ ወደ ውጭ መመለስ ወይም ማጥፋት ነበረብኝና፥ ለመመለሻው የሚከፈለው ከዕቃው ዋጋ ስለ በለጠብኝ፥ አጠፋሁት። አቅራቢዬን ልወቅሰው አልችልም፤ ማን እንዳሰጣው፥ ማንስ ውኃ እንደ ረጨበት አልጠየቅሁትም ነበርና። እኒያ አረጋዊት እናት አንዱን ዛላ ሰብረው የሚጠይቁትን እኔ ስለ ሙሉ ኮንቴይነር ሳልጠይቅ ቀረሁ።

ከዚያ ወዲያ ነው የልጅነት አገልግሎቴ ትዝ ያለኝ። በአገር ቤት በድቁና ሳገለግል፥ በቤተ ልሔም ዘቢቡን ፍሬ በፍሬ እየለቀምን፥ ጠጠሩንና የበሰበሰውን ለይተን፥ በውኃ ዘፍዝፈን አሽተን ለቅዱስ ቁርባን እንጨምቀው ነበር። ለዚያ ጥንቃቄ ወረቀት የጠየቀን የለም፤ ስሕተት ብንሠራ የምንፈራው ሌላ ነበርና። ዛሬ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ላሉት አብያተ ክርስቲያናት ጧፍና ዕጣን ከዘቢብ ጋራ ሳቀርብ፥ ካህናቱ አንዳች ባዕድ ነገር ያልተጨመረበትን ይሹታል። ዘቢቡን የማመጣው ከካሊፎርኒያ ነው። ወርቃማው ዘቢብ ቀለሙ እንዳይጠቁር የድኝ ጢስ ይነካዋል፤ በፀሐይ ብቻ የደረቀው ጥቁሩ ግን ይህ የለበትም። የአሜሪካ ሕግ ከዚህ ድኝ በሚሊዮን 10 እጅ ወይም ከዚያ በላይ ያለበት ምግብ በማሸጊያው ላይ ይህን እንዲናገር ስለሚያስገድድ፥ መነጽሬን አድርጌ ያችን ደቃቅ ጽሑፍ አነባለሁ፤ ያላየሁት ሰው በማላውቀው እርሻ ያደረገውን እርስዋ ትነግረኛለች። እንደ ቀረጥ የቈጠርሁት ጽሑፍ ለመሠዊያው ሲያገለግል አየሁት።

እንደ እኔ ያለ፥ የዓመት ሽያጩ በአማካይ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በታች የሆነ አስመጪ በሕጉ ዘንድ ቀለል ያለ መንገድ ተፈቅዶለታል፤ ይኸውም መጀመሪያ ከማስመጣቱ በፊት፥ ከዚያም ቢያንስ በየሁለት ዓመቱ፥ ከአቅራቢው የጽሑፍ ማረጋገጫ መቀበል ነው። ብዙዎች የሙያ ጓደኞቼ ይህን ወረቀት አንድ ጊዜ አስፈርመው በመሳቢያ ይዘጉበታል። እኔ ግን ሕጉ ከሚለው አልፌ፥ የለቀመውን ገበሬ ሰፈር፥ የተሰጣበትን ቀንና ምንጣፍ፥ የታሸገበትንም ዕለት አብሮ እንዲጻፍልኝ እለምናለሁ፤ እኒያ እናት ሲመጡ የምመልሰው ቃል እንዲኖረኝ።

ስለዚህ በማረቆም በአላባም በቡሬም ዛላ የምታደርቁ ወገኖቼ ሆይ፥ ሚዛኑ ቢቀልባችሁ ዋጋውን ጨምሩብኝ እንጂ ውኃ አትርጩበት፤ ከመሬት አንሡትና በምንጣፍ ላይ አስጡት፤ ያሰጣችሁበትንም ቀን ጽፋችሁ ከጆንያው ጋራ ላኩልኝ።