የኩሬው መርከበኛ

ክረምቱ ሲወጣ፣ ከየካ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ላይ አለቱ ያቆረው ውሃ ጥቂት ሳይደርቅ ይቆያል። ከእንዲህ ያለ ኩሬ በብርጭቆ ቀድቼ አንዷን ጠብታ ማይክሮስኮፕ ሥር ሳስቀምጥ፣ ዓይኔ አስቀድሞ የሚፈልገው ሳይክሎፕስን ነው፦ ቁመቷ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ባለ አንድ ዓይን፣ ሁለት የእንቁላል ከረጢት ግራና ቀኝ ያንጠለጠለች የሸርጣን ዘመድ። ከእንቁላሏ የሚፈለፈለው እጭ ግን እናቱን አይመስልም። ጅራት የለው፣ ወገብ የለው፤ እንደ ዕንባ ዘለላ ያለ ገላ፣ ግንባሩ ላይ አንዲት ቀይ ዓይን፣ ሦስት ጥንድ መቅዘፊያ። ይቀዝፍና ቀጥ ይላል፤ ደግሞ ይቀዝፋል። ስሙ ናውፕሊየስ ነው።

ይህን ስም ያበጀው እጅ ያስደንቀኛል። የየካው ዋሻ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ከአለት የተፈለፈለ ነውና መጋጠሚያ አይፈለግበትም። ናውፕሊየስ ግን ግጥም ሥራ ነው፤ ውበቱም መጋጠሚያው ላይ ነው። በግሪክኛ ናውስ መርከብ፣ ፕሌኦ በባሕር መጓዝ፤ ሁለቱ ሲገጥሙ ናውፕሊዮስ፣ የባሕር አምላክ የፖሲዶን ልጅ፣ መርከበኛው። ናውስ ለእኛም ባዕድ አይደለም። ግዕዝ መርከበኛን «ኖትያዊ» ይለዋል፤ ምንጩ የግሪኩ ናውቴስ ነው፣ የናውቴስ ሥር ደግሞ ያው ናውስ። የእንጦጦ ደብተራ ቃሉን ቢሰማ ግማሹን ያውቀዋል።

ለእንስሳው ስሙን ያወጣለት ዴንማርካዊው ኦቶ ፍሬድሪክ ሙለር ነው። ስሙ የሰፈረበት መጽሐፍ የታተመው እሱ ካረፈ በኋላ፣ በ1785 እ.ኤ.አ. ነበር። ሙለር እጩን ራሱን የቻለ አዋቂ እንስሳ አድርጎ ነው ያየው። በሌላ ዕድሜ ላይ ያገኘውን ያንኑ እጭም ሌላ ወገን መስሎት አሚሞኔ አለው። ሳይክሎፕስንም በዚያው መጽሐፍ ጽፏታል፤ እናትና ልጅ በአንድ ጥራዝ ውስጥ ሳይተዋወቁ ቀሩ። ስህተቱ ኋላ ታረመ፤ ናውፕሊየስ ግን ጸና፤ ዛሬ የባሕር ሽሪምፕና የባርናክል እጭም በዚሁ ይጠራል።

አሚሞኔ የሚለው ከእጩ ላይ ተነሳ። ለዚህ ስም አዝናለሁ። በግሪኮች ተረት አሚሞኔ የናውፕሊዮስ እናት ናት። አገሩ በድርቅ ሲመታ አባቷ ውሃ ፍለጋ የላካት፣ ፖሲዶን ምንጭ ያሳያት፣ ሠዓሊዎች እንስራ አስይዘው የሚስሏት ልጅ።